የአዘርባይጃን ሕዝብ በዓለም ዙሪያ፤ ስደተኛው ማን ነው? ባለአገሩስ?

ስደት የሚለው ቃል ለኛ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። ይሁንና ስለስደት በተነጋገርን ቁጥር የራሳችንን ብቻ እያየን የሌላውን ሕዝብ ልምድ መዘንጋት ይቀናናል። በዚህ ጽሑፍ የአዘርባይጃን ሕዝብ እንዴትና ለምን በያገሩ እንደተበተነ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ይህን ሕዝብ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከአዘርባይጃን ሪፐብሊክ ወሰን ውጭ የሚኖረው የዚህ ሕዝብ ክፍል በውስጥ ከሚኖረው በቁጥር ይበልጣል። ሁለተኛ፣ መበተኑ በአንድ ምክንያት ብቻ የመጣ አይደለም። የነገሥታት የድንበር ውል፣ የነዳጅ ዘይት ሥራ፣ የመንግሥት መውደቅ፣ የዓለም ጦርነት፣ ግዞት፣ የብሔረሰቦች ግጭትና የኑሮ ችግር እያንዳንዳቸው በየጊዜው ድርሻ ነበራቸው። ስለዚህ የዚህን አንድ ሕዝብ ታሪክ የሚያጠና ሰው የስደትን ዓይነቶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያገኛቸዋል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ) ሁለት ውሎችና አንድ ወንዝ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሩሲያ ዛርና የፋርስ የቃጃር ሥርወ መንግሥት በካውካሰስ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተዋጉ። የመጀመሪያው ጦርነት በ1813 በጉሊስታን ውል፣ ሁለተኛው በ1828 በቱርክመንቻይ ውል ተደመደመ። በሁለቱም ያሸነፈችው ሩሲያ ነበረች። በነዚህ ውሎች መሠረት የአራክስ ወንዝ አብዛኛው ክፍል የሁለቱ መንግሥታት ወሰን ሆነ። ከወንዙ በስተሰሜን ያሉት ባኩ፣ ጋንጃ፣ ሹሻና ናኽቺቫን ለዛር ሲሆኑ፣ በስተደቡብ ያሉት ታብሪዝ፣ አርደቢልና ኡርሚያ ለፋርስ ቀሩ። በወንዙ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ ግን ያው አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ በአመዛኙም የሺዓ እስልምና ተከታይ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ በኢራን የሚኖሩት አዘርባይጃናውያን ስደተኞች ናቸው ማለት ትክክል አይደለም። ከማንም ዘንድ አልተሰደዱም፤ ድንበሩ የመጣው እነርሱ በአያት በቅድመ አያታቸው አገር ተቀምጠው ሳሉ ነው። ቁጥራቸውን በሚመለከት የኢራን የሕዝብ ቆጠራ በብሔረሰብ ለይቶ ስለማያወጣ ሁሉም የሚናገረው በግምት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ግምት ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 16 እስከ 25 የሚደርስ ነው። የሪፐብሊኩ ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ የሚል በመሆኑ፣ ዝቅተኛው ግምት እንኳ ቢወሰድ ሚዛኑ ወደ ደቡብ ያጋድላል።

የነዚህም ሰዎች ኑሮ በአንድ ቃል የሚገለጽ አይደለም። ባንድ በኩል በኢራን ሠራዊት፣ ንግድ፣ ሃይማኖትና ፖለቲካ ውስጥ ከላይ እስከታች የሚገኙ ናቸው። በ2024 ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት መስዑድ ፔዜሽኪያን አባታቸው አዘርባይጃናዊ ሲሆኑ ቋንቋውንም በአደባባይ ተናግረውበታል። በሌላ በኩል ከ1979 አብዮት በኋላ የወጣው ሕገ መንግሥት በ15ኛው አንቀጹ የብሔረሰቦችን ቋንቋ በጋዜጣና ሥነ ጽሑፋቸውንም በትምህርት ቤት መጠቀም ቢፈቅድም፣ የታብሪዝ ሕፃን ግን ትምህርቱን የሚጀምረው በፋርስኛ ነው። በግንቦት 2006 አንድ የመንግሥት ጋዜጣ ያወጣው የካርቱን ሥዕል ብሔረሰቡን የሚያዋርድ ነው ተብሎ በታብሪዝና በሌሎችም ከተሞች ብርቱ ሰልፍ የተደረገው ይህ ቅሬታ አስቀድሞ ስለነበረ ነው።

የጆርጂያም ጉዳይ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በማርኔውሊ፣ በቦልኒሲ፣ በድማኒሲና በጋርዳባኒ ወረዳዎች አዘርባይጃናውያን ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ። በ2014 ቆጠራ 233,000 ያህል ሲሆኑ ከሕዝቡ ከመቶ 6 ያህሉ ናቸው። በሶቭየት ዘመን በገዛ ቋንቋቸው ተምረው ሩሲያኛ ካወቁ በቂያቸው ነበር። ከ1991 በኋላ ግን ጆርጂያንኛ የማያውቅ ሰው ሥራም የዩኒቨርሲቲ ትምህርትም የማያገኝ ሆነ። ከ2010 ጀምሮ መንግሥቱ አንድ መላ ዘረጋ፤ ይኸውም ተማሪው በገዛ ቋንቋው ተፈትኖ ከገባ በኋላ አንድ ዓመት ጆርጂያንኛ ብቻ አጥንቶ ቀሪውን አራት ዓመት ከሌሎቹ ጋር እንዲማር የሚያስችል ነው። በዚህ መንገድ አያሌ ወጣቶች ትብሊሲ ገብተው ተምረዋል። በሰው አገር ቋንቋ ለመማር አንድ ዓመት የተሰጠን ሁላችን ትርጉሙን እናውቀዋለን።

ለ) የባኩ ነዳጅ ዘይትና ወዛደሩ

ከ1870ዎቹ ጀምሮ ባኩ የነዳጅ ዘይት ከተማ ሆነች። የስዊድን ተወላጆች የሆኑት የኖቤል ወንድማማቾች በ1879 ኩባንያቸውን አቋቋሙ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ከዓለም ነዳጅ ዘይት ግማሽ ያህሉ ከባኩ አካባቢ ይወጣ ነበር። ይህን ሁሉ ጉድጓድ የሚቆፍርና ዘይቱን የሚቀዳ ጉልበት የመጣው በከፊል ከአራክስ ማዶ ነው። በየዓመቱ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ድሃ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ከታብሪዝና ከአርደቢል አካባቢ እየተነሡ ወደ ባኩ ይሻገሩ ነበር። ከፍ ባለ ኪሳራ ዝቅ ያለውን ሥራ የሚሠሩ፣ ከሁሉም ያነሰ ደመወዝ የሚከፈላቸው እነርሱ ነበሩ።

ሆኖም እነዚህ ሰዎች ወዳገራቸው ይዘው የተመለሱት ገንዘብ ብቻ አልነበረም። በ1904 በባኩ ሂመት የተባለው የሙስሊም ሠራተኞች ሶሻል ዴሞክራቲክ ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ከዚህ አካባቢ የተነሣው ሐሳብ፣ ጋዜጣና ጥቂትም የጦር መሣሪያ ወደ ታብሪዝ ተሻገረ። ከ1905 እስከ 1911 በተካሄደው የኢራን የሕገ መንግሥት አብዮት ውስጥ ታብሪዝ ግንባር ቀደም የሆነችው፣ በ1908 እና በ1909ም በሳታር ኻን መሪነት የሻሁን ጦር የተቋቋመችው ያለምክንያት አይደለም። የጉልበት ስደተኛ የፖለቲካ ንቃት ተሸካሚ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በዚያው ዘመን ወደ ምዕራብም የሄዱ ነበሩ። ኢስታንቡል ውስጥ በሚገኘው በትልቁ ቫሊዴ ሐን ሰፍረው የሚነግዱ የታብሪዝ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከ1876 ጀምሮ ኢስታንቡል ላይ ይታተም የነበረው አኽታር የተባለው የፋርስኛ ጋዜጣም በታብሪዝ ሰዎች የተመሠረተ ነው። የሹሻው ተወላጅ አሕመድ አጋኦግሉ ፓሪስ ተምሮ ባኩ ላይ ጋዜጠኛ ከሆነ በኋላ ወደ ቱርክ ተሻግሮ ከሪፐብሊኩ ታዋቂ ጸሐፊዎችና የምክር ቤት አባላት አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ሐ) የ1920 ስደተኞችና መቶዎቹ ተማሪዎች

የዛር መንግሥት ከወደቀ በኋላ በግንቦት 28 ቀን 1918 የአዘርባይጃን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ታወጀ። የኖረው 23 ወር ብቻ ነው። በዚያ አጭር ዕድሜው ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠ፤ በ1919 የባኩ ዩኒቨርሲቲን ከፈተ። ለኛ ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ሌላ ሥራው ነው። ፓርላማው በመንግሥት ወጪ 100 ወጣቶች በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲማሩ ወሰነ፤ ተማሪዎቹም በ1920 መጀመሪያ ላይ ጉዞ ጀመሩ። መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የሕግና የእርሻ ባለሙያ ሆነው ይመለሳሉ ተብሎ ነበር። ነገር ግን በሚያዝያ 28 ቀን 1920 ቀዩ ጦር ባኩ ገባ። ተማሪዎቹን የላከው መንግሥት ጠፋ።

እስቲ የነዚያን ወጣቶች ሁኔታ እናስበው። የላካቸው መንግሥት የለም፤ ፓስፖርታቸው የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ትምህርቱም ገና መጀመሩ ነው። ከፊሎቹ ጨርሰው ተመለሱና አገራቸውን በሙያቸው አገለገሉ። ከተመለሱት ውስጥ ብዙዎቹ ግን በ1930ዎቹ የውጭ አገር ትምህርታቸው ራሱ ወንጀል ሆኖባቸው ተገደሉ ወይም ተጋዙ። ከፊሎቹ ሳይመለሱ በዚያው ቀሩ፤ አገራቸውንም ዳግመኛ አላዩም። በተመለሰውና በቀረው መካከል ከሩቅ ሆኖ ፍርድ መስጠት ቀላል ነው። ሁለቱም ግን ያልመረጡት ነገር ምርጫ ሆኖ የቀረበላቸው ነበሩ።

የመሪዎቹም ዕጣ ከዚህ አልተሻለም። ለፓሪስ የሰላም ጉባኤ የተላከው የአሊመርዳን ቶፕቹባሾቭ የልዑካን ቡድን በጃንዋሪ 1920 የተባባሪዎቹን መንግሥታት ዕውቅና ባገኘ በአራት ወር ውስጥ አገር አልባ ሆነ። ቶፕቹባሾቭ በ1934 እዚያው ፓሪስ ሞተ። የቡድኑ አባል የነበረው ጋዜጠኛው ጄይሁን ሐጂበይሊም በፈረንሳይ ቀረ። የርሱ ወንድም በ1908 ሌይሊና መጅኑን በተባለው ኦፔራው ስሙ የገነነው ኡዘይር ሐጂበዮቭ ነው። ኡዘይር የነፃውን ሪፐብሊክ ማርሽ ደርሶ ነበር፤ ኋላም የሶቭየት አዘርባይጃንን መዝሙር ደረሰ። ስደተኛው ወንድም በፓሪስ ጸረ ሶቭየት ጽሑፍ ሲጽፍ፣ ያገር ቤቱ በባኩ ሲከበርና ሲሸለም፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ኡዘይር በ1948፣ ጄይሁን በ1962 ሞቱ። የአንድ ቤት ልጆች በታሪክ ሁለት ዳር እንዴት እንደሚቆሙ ይህ ያሳያል።

የብሔራዊ ምክር ቤቱ ሊቀመንበር መሐመድ አሚን ረሱልዛዴ በ1922 በፊንላንድ በኩል አምልጦ ኢስታንቡል ገባና ከ1923 እስከ 1927 ዬኒ ካፍካስያ የተባለውን መጽሔት አዘጋጀ። ይሁን እንጂ ቱርክ ከሶቭየት ኅብረት ጋር የነበራትን ወዳጅነት ማበላሸት ስላልፈለገች በ1931 የስደተኞቹ ጽሑፎች ተዘጉ። ረሱልዛዴ በፖላንድና በሩማንያ ሲንከራተት ኖሮ በ1947 ወደ ቱርክ ተመልሶ በ1955 አንካራ ላይ አረፈ። ባገር ቤት የቀሩት ቤተሰቦቹ ለእስርና ለግዞት ተዳርገው ነበር። አስተናጋጅ መንግሥት ስደተኛን የሚያቅፈው ከራሱ ጥቅም ጋር እስከተስማማ ድረስ ብቻ መሆኑን ያ ትውልድ በራሱ ላይ አይቶታል።

መ) የተዘጋ ድንበር፣ የተለያየ ፊደል

የሶቭየት ሥርዓት ሲጠነክር የአራክስ ወንዝ በእሾህ ሽቦ የታጠረ ድንበር ሆነ። በ1937 እና በ1938 በሶቭየት አዘርባይጃን ይኖሩ የነበሩ የኢራን ዜጎች የሶቭየት ዜግነት እንዲቀበሉ ወይም እንዲወጡ ተገደዱ፤ ወደ ካዛኽስታን የተጋዙም ነበሩ። በ1989 የሶቭየት ቆጠራ በካዛኽስታን 90,000 ያህል አዘርባይጃናውያን የተገኙት ከፊል ምክንያቱ ይኸው ግዞት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን እጅ ከወደቁት የሶቭየት እስረኞች መካከል ከረሃብና ከሞት ለመዳን፣ አንዳንዶቹም ነፃነት እናገኛለን ብለው፣ ጀርመኖች ባቋቋሙት የአዘርባይጃን ሌጅዮን ውስጥ የገቡ ነበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ በያልታው ስምምነት መሠረት አብዛኞቹ ለሶቭየት ኅብረት ተላልፈው ተሰጡ። ያመለጡት በሙኒክ፣ በቱርክና በአሜሪካ ቀሩ። በ1953 ከሙኒክ ማሰራጨት የጀመረው የአዘርባይጃንኛ ራዲዮ ሠራተኞች በብዛት ከነዚህ መካከል የተገኙ ሲሆኑ፣ ኃላፊው ፈታሊበይሊ በ1954 እዚያው ሙኒክ ውስጥ ተገደለ።

በደቡብም በኩል በታኅሣሥ 1945 በፒሼቫሪ የሚመራ የአዘርባይጃን መንግሥት በታብሪዝ ተቋቁሞ ነበር። በሶቭየት ጦር ጥላ ሥር የቆመ ቢሆንም አዘርባይጃንኛን የትምህርት ቋንቋ አደረገ፤ በ1946 የታብሪዝን ዩኒቨርሲቲ መሠረተ። ጦሩ ከወጣ በኋላ በአንድ ዓመቱ የሻሁ ሠራዊት ገብቶ ደመሰሰው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ወደ ሰሜን ሸሹ። ወዲያኛው ወገን ከሶቭየት ሲሸሽ ወዲህኛው ወደ ሶቭየት ሸሸ ማለት ነው።

የፊደሉ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የሰሜኑ አዘርባይጃን በ1929 ከዓረብ ፊደል ወደ ላቲን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ከላቲን ወደ ሲሪሊክ፣ በ1991 ደግሞ ተመልሶ ወደ ላቲን ዞረ። የደቡቡ እስከዛሬ የሚጽፈው በዓረብ ፊደል ነው። በመሆኑም አያት የጻፈውን የልጅ ልጅ የማያነብበት፣ ከታብሪዝ የተላከ ደብዳቤ ባኩ ላይ አስተርጓሚ የሚፈልግበት ዘመን መጣ። ሁለቱን ወገን ያገናኘው ይልቁን በቃል የሚነገረውና የሚዘፈነው ነው። የታብሪዙ ሸህሪያር በ1950ዎቹ በአዘርባይጃንኛ ያሳተመው ሰላም ለሄይደር ባባ የተባለው ግጥም በወንዙ ግራና ቀኝ በቃል የተጠናው ስለዚህ ነው።

ሠ) ከ1988 ወዲህ

በ1988 የተራራማው ካራባኽ ግጭት ሲጀመር ከአርመንያ 200,000 ያህል አዘርባይጃናውያን ወጡ። በአጸፋው ከአዘርባይጃን ከ300,000 በላይ አርመኖች ወጡ፤ ዛሬ በሩሲያና በአሜሪካ የባኩን ሩሲያኛ እየተናገሩ የሚኖሩ አርመኖች የዚያው ከተማ ስደተኞች ናቸው። በ1994 ተኩስ ሲቆም በካራባኽና በዙሪያው ከነበሩት ወረዳዎች የተፈናቀሉ ከ500,000 በላይ አዘርባይጃናውያን በድንኳንና በባቡር ፉርጎ ውስጥ ጭምር ይኖሩ ነበር። በ2020 ጦርነት አዘርባይጃን አብዛኛውን መሬት አስመለሰች፤ በመስከረም 2023 ደግሞ ከ100,000 በላይ የካራባኽ አርመኖች በጥቂት ቀን ውስጥ ለቀው ወጡ። የአንዱ መመለስ የሌላው ስደት ሆነ።

በ1990ዎቹ የሶቭየት ፋብሪካዎች ሲዘጉ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወጣት ወደ ሩሲያ ሄደ። የሞስኮና የሌሎች ከተሞች የአትክልት፣ የፍራፍሬና የአበባ ገበያ የብዙዎች እንጀራ ሆነ። በ2010 የሩሲያ ቆጠራ 603,000፣ በ2021 ደግሞ 474,000 ያህል ተመዝግበዋል፤ ለጊዜው ሠርተው የሚመለሱት በዚህ ስለማይገቡ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ በጣም እንደሚበልጥ ይታመናል። ኑሮው ግን ዋስትና የለውም። በ2009 ሞስኮ ውስጥ ትልቁ የቼርኪዞቭስኪ ገበያ በአንድ ትእዛዝ ተዘጋ። በጥቅምት 2013 በአንድ ወጣት መገደል አንድ አዘርባይጃናዊ በመጠርጠሩ የቢሪውልዮቮ ሰፈር ሁከት ሲነሣ የተደበደበውና የተዘረፈው መጤ የተባለ ሁሉ ነው። በሰኔ 2025 በየካተሪንቡርግ ፖሊስ በያዛቸው አዘርባይጃናውያን መካከል ሁለት ወንድማማቾች ሞተው የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት እጅግ ሻከረ። መንግሥታት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚመታው ገበያ ላይ የቆመው ስደተኛ ነው።

ወደ ምዕራብ የሄዱት በብዛት የተማሩና የፖለቲካ ጥገኝነት የጠየቁ ናቸው። ከ1979 በኋላ ከኢራን የወጡት ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ ከሌሎች ኢራናውያን ጋር ተቀላቅለው ስለሚኖሩ በቆጠራ አይለዩም። ከኩባ ከተማ አጠገብ ካለችው ከቀይ መንደርና ከሌሎችም ቦታዎች የወጡ የተራራ አይሁዳውያን ወደ እስራኤል ገብተዋል። በሳይንስ ስማቸው የታወቁም አሉ። ባኩ የተወለደውና አባቱ የአርደቢል ሰው የሆነው ሎጥፊ ዛዴ በአሥር ዓመቱ ወደ ቴህራን፣ በ1944 ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ በ1965 ዛሬ በኮምፒዩተርና በመኪና መቆጣጠሪያ ሁሉ የሚሠራበትን የፈዚ ስብስቦች ቀመር አወጣ። በ2017 ሲሞት የተቀበረው ባኩ ነው።

ረ) ማኅበርና መንግሥት

ለረጅም ጊዜ አዘርባይጃናውያን በውጭ አገር የጠነከረ ማኅበር አልነበራቸውም። በ1992 የአሜሪካ ኮንግረስ ለአዘርባይጃን መንግሥት በቀጥታ ርዳታ እንዳይሰጥ ሲከለክል የድርጅት ጥቅም ጎልቶ ታየ፤ ከሕጉ በስተጀርባ የቆየና የተደራጀ የአርመን ማኅበረሰብ ነበርና። ባኩ ከዚህ ተማረች። ታኅሣሥ 31 ቀን የዓለም አዘርባይጃናውያን የአንድነት ቀን ተባለ፤ ቀኑ የተመረጠው በ1989 መጨረሻ የናኽቺቫን ሕዝብ የአራክስን የድንበር አጥር ያፈረሰበትን ጊዜ ስለሚያስታውስ ነው። በ2001 የመጀመሪያው የዓለም አዘርባይጃናውያን ጉባኤ ባኩ ላይ ተደረገ፤ በ2002 የውጭ ነዋሪዎች ጉዳይ የመንግሥት ኮሚቴ ተቋቋመ።

ይህ ሁሉ ጥቅም አለው፤ ጉዳትም አለው። ከመንግሥት ገንዘብና መመሪያ የሚቀበል ማኅበር በኤምባሲ አዳራሽ በዓል ለማክበር ይመቻል፤ የታሰረ ጋዜጠኛን ጉዳይ ለማንሣት ግን አፉ ይያዛል። በ2013 በርሊን ላይ የተቋቋመው ሜይዳን ቴሌቪዥን ከዚህ ውጭ የቆሙ ስደተኞች ድምፅ ነው። በግንቦት 2017 ትብሊሲ ውስጥ የጠፋው ጋዜጠኛ አፍጋን ሙኽታርሊ በማግስቱ ባኩ እስር ቤት መገኘቱ ደግሞ ለስደተኛ የጎረቤት አገር ሁልጊዜ መጠጊያ እንደማይሆን አስረድቷል። በዚያው ወር በሩሲያ የነበረው ትልቁ የአዘርባይጃናውያን ኮንግረስ በሩሲያ ፍርድ ቤት ውሳኔ ፈረሰ። ማኅበር ከሁለት መንግሥታት መካከል ሲቆም ከሁለቱም ወገን ሊመታ ይችላል።

መንግሥት «ወገኖቼ» የሚላቸውን እንዴት እንደሚይዝ የሚታየው በዕለት ኑሮ ነው። አዘርባይጃን በማርች 2020 በወረርሽኙ ምክንያት የዘጋችው የየብስ ድንበር ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ለዓመታት ሳይከፈት ቆየ። የማርኔውሊ ገበሬ ቀደም ሲል በጥቂት ሰዓት በመኪና ይደርስበት የነበረውን የዘመድ ለቅሶ ለመድረስ የአውሮፕላን ቲኬት መግዛት ነበረበት። የአንድነት ቀን በየዓመቱ እየተከበረ ድንበሩ ግን ተዘግቶ ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮች እንጨብጣለን። አንደኛ፣ ቁጥርን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። በባኩ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊዮን የዓለም አዘርባይጃናውያን ሲባል ይሰማል፤ በዚህ ውስጥ በገዛ መሬቱ ያለው የታብሪዝ ሰውና በሞስኮ ገበያ የቆመው ወጣት ባንድ ላይ ተደምረዋል። ችግራቸው የተለያየ እንደመሆኑ መፍትሔውም አንድ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ቋንቋና ፊደል ከፖለቲካ መሪዎች ይልቅ ሕዝብን ሲያገናኙም ሲለያዩም ኖረዋል። ሦስተኛ፣ የተማሪም ሆነ የስደተኛ ማኅበር ዕድሜው የሚረዝመው በአባሎቹ መዋጮና ፈቃድ ሲቆም እንጂ የአንድ መንግሥት በጎ ፈቃድ ሲያኖረው አይደለም። ረሱልዛዴ በ1931 በቱርክ፣ ኮንግረሱም በ2017 በሩሲያ የደረሰባቸው ይህንኑ ያስረዳል።

የመቶዎቹ ተማሪዎች ታሪክ ከሁሉ ይልቅ እኛን ይመለከታል። ያገር ገንዘብ ወጥቶባቸው፣ ያገር ተስፋ ተጥሎባቸው ሄዱ። ከኋላቸው የሆነውን አልወሰኑም። ሊወስኑ የቻሉት የተማሩትን ለማን እንደሚያውሉት ብቻ ነበር፤ ያንንም ብዙዎቹ ዋጋ ከፍለውበታል። እኛም ተምረን የምንመለስ፣ ተምረን የምንቀር፣ ገና ያልወሰንን በአንድ ማኅበር ውስጥ አለን። ከመወቃቀስ በፊት የየራሳችንን ጥያቄ በግልጽ አውጥተን እንድንወያይበት ይህ ጽሑፍ መነሻ ቢሆን ደስ ይለናል።